ከመጥለቅዎ በፊት የሚፈርሙት ወረቀት

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የባንክ ሠራተኛ ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው የጋብቻቸውን አምስተኛ ዓመት ዛንዚባር ላይ ሊያከብሩ ቆርጠዋል። አሸዋው ላይ ለመጋደም ብቻ አይደለም የሚሄዱት፤ ኑንግዊ ከሚገኝ አንድ የዳይቪንግ ማሠልጠኛ ተመዝግበው፣ ምኔምባ አካባቢ ሲሊንደር አዝለው ሊጠልቁ ነው። ማሠልጠኛው ባለ ሁለት ገጽ ፎርም በዋትስአፕ ላከላቸው። «መጨረሻውን ሳነብ ደነገጥሁ» ይላሉ። «በእነሱ ቸልተኝነት ብሞት እንኳ ወራሾቼ እንዳይከሱ ፈርሚ ይላል። ከፈረምሁ በቃ፣ መብቴ አለቀ ማለት ነው?»

አያልቅም፤ ይሳሳል እንጂ። ምን ያህል እንደሚሳሳ የሚወሰነው ደግሞ ባሕሩ ውስጥ ሳይሆን እዚህ፣ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ነው።

ፎርሙን አብረን እንየው። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ቃል ተደባልቆ ይገኛል። የመጀመሪያው «ዳይቪንግ አደጋ እንዳለው ዐውቃለሁ» የሚለው ነው፤ እውነት ስለሆነ መፈረሙ አይጎዳዎትም። ሁለተኛው ስለ ጤናዎ የሚሰጡት ቃል ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሦስተኛው እርስዎን ያስደነገጠው «ድርጅቱ ቢያጠፋም አልከስም» የሚለው ነው።

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1887 ተዋዋዮች ጥፋት ካልፈጸሙ በቀር ኃላፊ እንዳይሆኑ ሊስማሙ እንደሚችሉ ይናገራል። «ካላጠፋሁ አልጠየቅም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ባጠፋም አልጠየቅም» ማለት ሌላ። ችግሩ አደጋው የሚደርሰው ቃሊቲ ሳይሆን ዛንዚባር መሆኑ ነው። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ብትሆንም የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አላት፤ የሕግ ልማዷም የእንግሊዝ ነው። በዚያ ልማድ ዳኛ እንዲህ ያለውን አንቀጽ አጥብቦ ይተረጉማል፤ ቃሉ ካሻማ ጥርጣሬው በጻፈው ወገን ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። «እንግሊዝ አገር ነጋዴ በቸልተኝነቱ ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት ኃላፊነቱን በውል ማስቀረት አይችልም» የሚለውን አንብበው ፎርሙን እንደ ተራ ወረቀት የሚያዩት አሉ። አባባሉ ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሕግ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ ሕግ እንጂ የዛንዚባር አይደለም።

ስለዚህ ከፎርሙ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «በዚህ አገር ሕግ ይገዛል፣ በዚህ ፍርድ ቤት ይዳኛል» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። አብዛኛው ሰው የሚዘለው እሱን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነበው እሱን ነው።

ፊርማዎ ከወንጀል ተጠያቂነት ማንንም እንደማያድንም ይወቁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ኮንሴፕሽን የተባለች የዳይቪንግ ጀልባ ሌሊት ተቃጥላ 34 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ ሌሊት እየዞረ የሚጠብቅ ሰው ባለማቆሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋተኛ ተባለ፤ በማግሥቱ ዓመትም አራት ዓመት ተፈረደበት። ዐቃቤ ሕግ ሟቾቹ ምን ፈርመው ነበር ብሎ አይጠይቅም።

ማሠልጠኛው ሳይፈርሙ እንደማያጠልቅዎ የታወቀ ነው፤ «ይህን መስመር ሰርዙልኝ» ብሎ መከራከርም ባዶ ድካም ነው። የሚያዋጣው ማስረጃ መያዝ ነው። ጀልባው ላይ ሲወጡ ስልክዎን አውጥተው የኦክስጅን ሳጥኑን፣ የነፍስ አድን ጃኬቱን፣ የአሠልጣኙን መታወቂያ ቁጥር ፎቶ ያንሡ። ሲሊንደሩንም ከአንገቱ በታች ያገላብጡት፤ የተፈተሸበት ወርና ዓመት ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በብዙ አገር ፍተሻው በየአምስት ዓመቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ቀን ካዩ ሌላ ይጠይቁ፤ ከተቆጡዎት ጠለቃው ይቅርብዎ።

ጉዞውን ያቀናጀልዎ የአዲስ አበባ ወኪል ከሆነ ደረሰኙን ይመልከቱ። ወኪሉ በማሠልጠኛው ስም ከተዋዋለ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2189 መሠረት ውልዎ ከማሠልጠኛው ጋር ነው፤ ወኪሉ ዞር ሊል ይችላል። በራሱ ስም ከተዋዋለ ግን በቁጥር 2197 ራሱ ይጠየቃል። ያኔ ክርክርዎ ሁለት ፌርማታ የሚርቅ ፍርድ ቤት ነው፣ ባሕር አያሻግርዎትም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ስለሚገዙት አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘትና ለደረሰ ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «የጉዞ አገልግሎት» የሚል ጥቅል ቃል አይቀበሉ፤ ስንት ጠለቃ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ማሠልጠኛ ጋር እንደሆነ ያስጽፉ።

አሁን ወደ ጤናው መጠይቅ። አስም፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ የልብ ችግር እያለ ይዘረዝራል፤ አንዳንዱ ላይ «አዎ» ካሉ የሐኪም ፊርማ ይጠየቃሉ። ሰው ጉዞው እንዳይበላሽበት «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል። ያቺ ምልክት ውሃ ውስጥ ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች፤ ከውሃ ሲወጡ ደግሞ የመድን መብትዎን። የንግድ ሕጋችን የመድን ክፍል ሆን ተብሎ የተደበቀ እውነት መድኑን እንደሚያፈርስ ይደነግጋል፤ የሌሎች አገሮች ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መድን ካነሣን፦ ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ደሴቷ የሚገባ የውጭ አገር ሰው ከዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ መድን አለኝ ማለት ከዚህ አያድንም። ግን ግዴታ ነውና ዳይቪንግንም ይሸፍናል ብለው አይደምድሙ። ፖሊሲውን ሲያነቡ «የማይሸፈኑ» ከሚለው ይጀምሩ። የጉዞ መድኖች ብዙ ጊዜ ጥልቀት ይወስናሉ፤ ወይም «ከተሰጠህ የምስክር ወረቀት በላይ አትውረድ» ይላሉ። ለሙከራ አንድ ቀን የሚጠልቅ ጀማሪ ፓዲ በተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ደንብ ከ12 ሜትር አይወርድም፤ የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት የያዘ 18 ሜትር ነው። አስጎብኚው «ዔሊዋ ትንሽ ዝቅ ብላለች፣ ና» ብሎ 20 ሜትር ቢያወርድዎ፣ በጠለቃ ኮምፒውተርዎ የተመዘገበው ቁጥር መድን ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ለጠላቂዎች ሕመም የሚሰጠውን የግፊት ክፍል ሕክምናንና ከደሴቷ በአውሮፕላን መነሣትን ይሸፍን እንደሆነም በኢሜይል ይጠይቁ። የቃል መልስ መልስ አይደለም።

አሁን ብዙዎች ወደማያስቡት፣ ወደ መልሱ በረራ ልምጣ። ጠላቂ ከታች ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ ይሟሟል፤ ቀስ ብሎ ካልወጣ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ይሆንና ሕመም ያመጣል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚባለው የጠላቂዎች ድርጅት ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል። ለእኛ ነገሩ ይብሳል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚስተካከለው ቢበዛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ነው፤ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ለንደን የሚያርፍ ሰው ሲወርድ ይገላገላል፤ እኛ ወርደንም ያው ከፍታው ላይ ነን።

በአውሮፕላኑ ውስጥ ሕመሙ ቢነሣ አየር መንገዱ ይከፍላል? አይከፍልም፤ ምክንያቱን ከአንድ የታወቀ ፍርድ ላሳይ። ከፓሪስ ወደ ሎስ አንጀለስ በኤር ፍራንስ የበረረች አንዲት ተሳፋሪ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጆሮዋን ታመመች፤ የአንዱ ጆሮዋ መስማትም ለዘለቄታው ጠፋ። የአውሮፕላኑ የግፊት መቆጣጠሪያ ግን እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 አየር መንገድ የሚጠየቅበት «አደጋ» የሚባለው ከተሳፋሪው ውጭ የሆነ ያልተጠበቀ ወይም ያልተለመደ ክስተት ነው፤ የሰውነት ምላሽ ብቻውን አደጋ አይደለም አለ። ይህ አተረጓጎም ዛሬ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሞንትሪያሉ ስምምነት ሥርም ይጠቀሳል። ናይትሮጅኑን ይዘው የተሳፈሩት እርስዎ ነዎት።

ከጠለቃ እስከ በረራ ያለውን ሰዓት ሲቆጥሩም ይጠንቀቁ። ስዋሂሊዎች እንደ እኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ የጀልባው ሰው «ሳ ንኔ» ሲል ረፋድ አራት ሰዓት ማለቱ ነው። የማሠልጠኛው ቢሮ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል። ረፋድ አራት ሰዓት ከውሃ የወጣ ሰው 18 ሰዓቱ የሚሞላለት ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ነው።

ሻንጣ ቀላል ነው። ኢትዮጵያም ታንዛኒያም የሞንትሪያሉ ስምምነት አባላት ናቸው። ሻንጣው ቢጎዳ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ቢደርስ በተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ 21 ቀን አልፎት ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ክስ የሚመሠረተው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሻንጣዬ በሦስተኛው ቀን መጥቶ፣ ደስታው አስረስቶኝ ሳላመለክት ቀርቻለሁ፤ ጠበቃም ይረሳል። ከፍተኛው ካሣ ለአንድ ተሳፋሪ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። የራስዎን የጠላቂ መተንፈሻና ካሜራ ይዘው ከሄዱ ይህ ላይበቃ ይችላልና ዕቃውን ሲያስረክቡ ዋጋውን ያስመዝግቡ፤ ተጨማሪ ክፍያ ይኖረው ይሆናል፣ ጣሪያው ግን ከፍ ይላል።

ከውጭ ለሚመጡ አንባቢዎቻችንም ትንሽ ልበል። ከፍራንክፈርት ተነሥተው በአዲስ አበባ በኩል ዛንዚባር የሚሄዱ፣ ትኬቱ አንድ ከሆነ፣ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ባልሆነ ምክንያት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተው ቢደርሱ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እስከ 600 ዩሮ መጠየቅ ይችላሉ። ከዛንዚባር ሲመለሱ ግን ደንቡ የአውሮፓ ባልሆነ አየር መንገድ ላይ አይሠራም። በረራውን፣ ሆቴሉንና ዳይቪንጉን አውሮፓ ካለ አስጎብኚ በአንድ ጥቅል የገዛ ደግሞ የተሻለ ተጠብቋል፤ ማሠልጠኛው ቢያጓድል የሚጠየቀው ሻጩ ነው። ክትባቱንም አይርሱ፤ ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ከሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ቦሌ ከ12 ሰዓት በላይ ለሚቆይ ተሸጋጋሪም እንደዚሁ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ጠያቂያችን፣ እርስዎ ዛሬ ማታ ለማሠልጠኛው እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ገንዘቡን ከመላኬ በፊት እነዚህን ይመልሱልኝ። ውላችን በየትኛው አገር ሕግና ፍርድ ቤት ይዳኛል? ድርጅታችሁ በደንበኛ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን አለው? መድን ሰጪው ማን ነው? ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ? የመጨረሻ ጠለቃችን ከበረራችን ስንት ሰዓት ቀድሞ ያልቃል? ባሕሩ ተናውጦ ብትሰርዙት ገንዘቤ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል?» መልሱ ሲመጣ ከፎርሙ ፎቶ ጋር አያይዘው አዲስ አበባ ለሚቀር አንድ የቤተሰብ ሰው ይላኩ። ስልክዎ ምኔምባ ላይ ባሕር ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።