የሥራ እንግሊዝኛ ቃላትን ከራስ ሥራ መማር

የሥራ እንግሊዝኛ የሚባለው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በየትኛውም ቢሮ የማይታጡ ጥቂት ሺህ የተለመዱ ቃላት ናቸው፤ ሁለተኛው በአንድ ሙያ ውስጥ ብቻ የሚመላለሱ ጥቂት መቶ ቃላት። የመጀመሪያዎቹን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ከትምህርት ቤት ይዟቸው ይወጣል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና። ሲያነባቸው ያውቃቸዋል፤ ስልክ ሲያነሳ ወይም ኢሜይል ሲጽፍ ግን አይመጡለትም። ስለዚህ ዋናው ድካም አዲስ ቃል ማከማቸት ሳይሆን በዓይን የሚታወቀውን ቃል ወደ አንደበትና ወደ ጽሑፍ ማምጣት ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ በፊደል ተራ የተደረደረውን የቃላት ዝርዝር ትቶ አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያልፍበትን መንገድ መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለምሳሌ ቢወሰድ፣ ነገሩ የሚጀምረው ገዢው ከውጭ በሚልከው «ኢንኳየሪ» ነው። ላኪው «ሳምፕል» ልኮ ዋጋውን በ«ኦፈር» ያሳውቃል፤ ሲስማሙ «ኮንትራክት» ይፈረማል። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች፣ ማለትም 19.2 ቶን ቡና፣ በአንድ ኮንቴይነር ተጭነው በጅቡቲ ወደብ ሲወጡ «ሺፕመንት» ይባላሉ። አጓጓዡ ጭነቱን ስለመረከቡ የሚሰጠው ሰነድ «ቢል ኦፍ ሌዲንግ»፣ የክፍያ መጠየቂያው «ኢንቮይስ» ነው፤ ሰነዶቹ ተሟልተው ሲቀርቡ ባንክ ለመክፈል የሚገባው ግዴታ ደግሞ «ሌተር ኦፍ ክሬዲት»። ቃላቱ ሥራው ራሱ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ስለሚያዙ አንዱ ቀጣዩን ያስታውሳል። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የራሱን መንገድ ከ«ሪዘርቬሽን» ጀምሮ እስከ «ሪፈንድ» ሊዘረጋ ይችላል። ምንጩ ሩቅ አይደለም፤ በፋይል የተቀመጡ የቆዩ ደብዳቤዎች፣ ደረሰኞችና ውሎች ይበቃሉ።

በዚህ ላይ አማርኛ የተዋሳቸው ቃላት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በአገር ውስጥ ግዢ «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» ሲባል የሚፈለገው የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ የውጭ አገር ነጋዴ ይህን «ኮቴሽን» ይለዋል። «ፕሮፎርማ ኢንቮይስ» በእርሱ ዘንድ ዕቃው ከመላኩ በፊት የሚሰጥ፣ መልኩም እንደ ኢንቮይስ ያለ ሌላ ሰነድ ነው። «ሲፒኦ»ም እንዲሁ ከአገር ሲወጣ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ «ካሺየርስ ቼክ» ወይም «ባንክ ድራፍት» ቢባል ይግባባል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ቃል ከባልንጀራው ጋር ይመዘገባል። «ኦርደር» ብቻውን ቢጻፍ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ «ፕሌስ አን ኦርደር»፣ «ካንስል አን ኦርደር» ተብሎ ሲያዝ ግን ዓረፍተ ነገር ለመሥራት ዝግጁ ይሆናል። ክፍያ «ሜክ ኤ ፔይመንት»፣ ስብሰባ «አቴንድ ኤ ሚቲንግ»፣ የጊዜ ገደብ «ሚት ኤ ዴድላይን» ይባላል። የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ለማረጋገጥ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ይመረጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን የጻፈው 2000 ያህል የተለመዱ ቃላትን ብቻ ተጠቅሞ ስለሆነ፣ ፍቺውን ማንበብ በራሱ ልምምድ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባው አማርኛ የሚገፋባቸው ስህተቶች ናቸው። በአማርኛ «ስለ ዋጋው ተወያየን» ስለሚባል ብዙዎች «ዲስከስ» ከሚለው ቀጥለው «አባውት» ይጨምራሉ፤ እንግሊዝኛው አይፈልገውም። «አስረዳኝ» በአንድ ቃል ስለሚያልቅ «ኤክስፕሌይን ሚ» ይባላል፤ ትክክሉ «ኤክስፕሌይን ቱ ሚ» ነው። «መረጃዎች» እንደሚባለው «ኢንፎርሜሽንስ» አይባልም። አበዳሪና ተበዳሪ በአማርኛ ከአንድ ሥር ሲወጡ በእንግሊዝኛ «ሌንድ» እና «ቦሮው» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ማን ገንዘብ እንደሰጠ የሚለየው በእነርሱ ነው። ይበልጥ የሚጎዳው ግን «እስከ» ነው። «ሰነዱን እስከ ዓርብ ላክ» ሲባል ከዓርብ እንዳያልፍ ማለት ስለሆነ «ባይ ፍራይደይ» ይሆናል። «ዋጋው እስከ ዓርብ ይጸናል» ሲባል ደግሞ እስከዚያ ሳይቋረጥ ይቆያል ማለት ስለሆነ «አንቲል ፍራይደይ» ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ሠራተኛ የዕቃ ማስረከቢያ ቀን ላይ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል።

የተመዘገበው ሁሉ በካርድ ይጠናል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ አዲስ የተያዘ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ አሳይቷል፤ ሴባስቲያን ላይትነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ካርዶችን በሣጥኖች ከፍሎ የመከለስን ዘዴ አስተዋወቀ። የታወሰ ካርድ ዘግይቶ ወደሚከለሰው ሣጥን ያልፋል፤ የተረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በካርዱ ፊት የአማርኛ ፍቺ ሳይሆን ሁኔታው ቢጻፍ ይሻላል፦ «ደንበኛው ክፍያ አዘግይቷል፤ በትሕትና አስታውሰው»። በጀርባው ሙሉው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል። በቀን አምስት ካርድ ለሥራ ሰው በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ክለሳው ይከማችና ይተዋል።

ካርዱ ጮክ ተብሎ ይነበብ። «ሪሲት» ሲጻፍ ውስጡ «ፒ» አለው፣ «ዴት»ም «ቢ» አለው፤ ሁለቱም አይነበቡም። ቁጥር ላይ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ በቀላሉ ይምታታሉ። «ፊፍቲ» መጀመሪያው ላይ ይጠነክራል፤ «ፊፍቲን» ግን መጨረሻው ላይ ጠንክሮ ረዘም ይላል። የገንዘብ መጠን ሲሆን ቁጥሩን ከተናገሩ በኋላ «ዋን ፋይቭ» ወይም «ፋይቭ ዜሮ» ብሎ አኃዝ በአኃዝ መድገም የነጋዴ ወግ ሊሆን ይገባል።

የሰዓትና የቀን ቃላት ለብቻቸው ይለመዳሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት «ናይን» ነው። 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለእንግሊዛዊ ኤፕሪል 3፣ ለአሜሪካዊ ማርች 4 ስለሆነ ወሩን በስሙ መጻፍ ይገባል። የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የውጭ ሸሪክ «ፈርስት ኳርተር» ሲል ግን ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን ማለቱ ነው።

አማርኛ አክብሮትን በ«እርስዎ» ይሸከማል። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ስለሚል አክብሮቱ በአጠያየቁ ውስጥ ነው። «ሴንድ ሚ ዘ ኢንቮይስ» ላይ «ፕሊዝ» ቢታከልም የትእዛዝ ድምፁ አይጠፋም፤ «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ኢንቮይስ» ሲባል ልመና ይሆናል። ስልክ ላይም «ሁ አር ዩ» ሸካራ ነው፤ «ሜይ አይ አስክ ሁ ኢዝ ኮሊንግ» ይባላል። በእንግሊዝኛ «ሚስተር»ን የሚከተለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ስለዚህ የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊውን በአባቱ ስም ቢጠራው ንቀት አይደለም። በምን መጠራት እንደሚፈልግ በመጀመሪያው ኢሜይል ግርጌ ቢያሰፍር ይግባባል።

በየሳምንቱ መጨረሻ የተላኩ ኢሜይሎች ይታያሉ፤ በካርድ የተያዙት ዓረፍተ ነገሮች ስንቶቹ ሥራ ላይ እንደዋሉ ይቆጠራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልተነካ ካርድ ለዚያ ሥራ የማያስፈልግ ሊሆን ስለሚችል ይወጣል፤ በቦታው በሳምንቱ ውስጥ ተፈልጎ የታጣው ቃል ይገባል። የመጀመሪያው መንገድ ሳያደናቅፍ ሲሄድ ጎረቤቱ ይከፈታል፦ ከሽያጭ ቀጥሎ የደንበኛ ቅሬታ፣ ከቅሬታ ቀጥሎ የስብሰባ ቃላት፣ ከ«አጀንዳ» እስከ ቃለ ጉባኤው «ሚኒትስ» ድረስ።