በከፍታ ቦታ የናፍጣ ሞተር ላይ ተርቦ መግጠምና የነዳጅ ልኬት፦ ነቀምቴና የወለጋ መንገዶች እንደ ማሳያ

የነቀምቴ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 79 ኪሎፓስካል አካባቢ ሲሆን በባሕር ወለል ላይ ግን 101 ኪሎፓስካል ነው። በመሆኑም ሞተሩ በየዑደቱ የሚስበው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ መኪና ከዴዴሳ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ ሲወጣ የሚታይበት ድካምና ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጭስ መነሻቸው አንድ ነው፤ ነዳጁ ሳያንስ አየሩ አንሷል።

ጉዳዩ የፍጥነት ወዳዶች ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ አሻሽሎና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ከገጠር ወረዳ ወላድ ይዞ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታሎች የሚወጣ አምቡላንስ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ እየገፋ የሚያጠፋው ጊዜም ቀላል አይደለም። ሆኖም ተርቦን ከጉልበት ጭማሪ፣ ጉልበትን ደግሞ ከነዳጅ ጭማሪ ጋር ብቻ አያይዞ ማየት ሞተሩን ለጉዳት ይዳርጋል። በነቀምቴ ከፍታ የተርቦ የመጀመሪያ ሥራ የጎደለውን አየር መመለስ ነው፤ ይህ ሳይፈጸም የፖምፓው የነዳጅ ልኬት ከፍ ሊደረግ አይገባም።

ይህ አመለካከት ከቴክኖሎጂው ታሪክ ጋር ይስማማል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኪ በጭስ ኃይል የሚዞር የአየር መጭመቂያን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። መሣሪያው በሰፊው ትኩረት የሳበው ግን ከፍታ ባስከተለው ችግር ምክንያት ነበር። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶ ፈተነው፤ በስስ አየር ደክሞ የነበረው ሞተርም በተርቦ እገዛ በቆላ የነበረውን ያህል ጉልበት ሰጠ። ፈተናው የጠፋን ጉልበት የመመለስ ፈተና ነበር ማለት ይቻላል።

የአየሩ ስሌት

ለማሳያነት የቶዮታ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ይወሰድ። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ያለ ተርቦ የተሠራና ናፍጣው በቅድመ ማቃጠያ ክፍል ውስጥ የሚረጭበት ሞተር ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞርና የአየር አሞላሉ 85 በመቶ ሆኖ ሲታሰብ በደቂቃ 5.3 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ከሆነ ይህ በባሕር ወለል 6.3 ኪሎ ግራም፣ በነቀምቴ ግን 4.9 ኪሎ ግራም ነው። ፖምፓው በባሕር ወለል ለአንድ ኪሎ ናፍጣ 20 ኪሎ አየር እንዲደርስ ተደርጎ ከተስተካከለ በደቂቃ 315 ግራም ነዳጅ ይልካል። ያው 315 ግራም በነቀምቴ የሚያገኘው አየር ወደ 15.6 እጥፍ ይወርዳል፤ ይህም ናፍጣው በንድፈ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ከሚያስፈልገው 14.5 እጥፍ ብዙም የማይርቅ ነው። በሲሊንደር ውስጥ ያለው መቀላቀል ፍጹም ስላልሆነ ውጤቱ ጭስ ነው። የፖምፓ መፈተሻ ማሽን የሚለካው የተረጨውን ነዳጅ ይዘት ብቻ መሆኑ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። በአምራቹ መጽሐፍ መሠረት “በትክክል” የተስተካከለ ፖምፓ ለደጋው ከመጠን ያለፈ ነዳጅ ሊልክ ይችላል።

የጎደለውን አየር ለመመለስ የሚያስፈልገው ግፊት ብዙ አይደለም። ከከባቢ አየሩ በላይ 22 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 0.22 ባር የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ የሞቀ አየርም ይሳሳል። የመጭመቂያው ብቃት 65 በመቶ ሆኖ ሲሰላ የባሕር ወለሉን የአየር ክብደት ለመመለስ ያለ ኢንተርኩለር ከ0.4 ባር በላይ ያስፈልጋል። ኢንተርኩለር አየሩን ወደ 45 ዲግሪ ካወረደው ግን 0.3 ባር ይበቃል። በዚህ ግፊት፣ የፖምፓው ብሎን ሳይነካ፣ ያው 315 ግራም ናፍጣ 20 እጥፍ አየሩን መልሶ ያገኛል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይመለሳል።

ነዳጁ የሚነካው መቼ ነው?

አንዳንድ ፖምፓዎች የከፍታ ማካካሻ አላቸው። በውስጡ ያለው የታሸገ ቆርቆሮ በስስ አየር ሲለጠጥ ነዳጁን ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ፖምፓ ተርቦ ተገጥሞለትም የሚያነበው የውጭውን አየር ስለሆነ ነዳጁን እንደቀነሰ ይቆያል። መፍትሔው ብሎኑን ማዞር አይደለም፤ የተርቦውን ግፊት በቀጭን ቱቦ ተቀብሎ ነዳጁን በዚያው ልክ የሚጨምር የግፊት ማካካሻ ያለው ፖምፓ መጠቀም ነው። ብሎኑ ብቻ ከተዞረ ተርቦው ገና ግፊት ሳይሠራ፣ በተለይ ከቆመበት ሲነሣ፣ ነዳጁ ከአየሩ ይቀድማል።

የባሕር ወለሉን ጉልበት አልፎ መሄድ ሌላ ውሳኔ ነው። የ1ኤችዜድ የመጭመቅ ምጣኔ ከ22 በላይ ሲሆን ቶዮታ ራሱ ተርቦ ገጥሞ የሠራው 1ኤችዲ-ቲ ሞተር ግን 18.6 ምጣኔና ቀጥታ ርጭት ያለው ነው። አምራቹ ተርቦ ሲጨምር ምጣኔውን ዝቅ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። በአሮጌው ሞተር ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ግራም ነዳጅ ሙቀቱን የሚያሳርፈው በቅድመ ማቃጠያው ክፍል፣ በቴስታታውና በፒስተኑ ላይ ነው። ስለዚህ የጭስ ሙቀት መለኪያ ከተርቦው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። መለኪያው ከተርባይኑ በፊት ይገጠማል፤ ከተርባይኑ በኋላ የሚነበበው ሙቀት ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ያዘናጋል። ለዚህ ዓይነት ሞተር በረጅም አቀበት ላይ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ያለውን እንደ ወሰን መያዝ ጥንቃቄ ነው።

የመንገዱ ጠባይም ስሌቱን ይለውጣል። ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ዴዴሳን የሚሻገረው ከ1,400 ሜትር በታች ወርዶ ነው። የተርቦው የግፊት መልቀቂያ በር የሚሠራው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ልዩነት እየለካ ስለሆነ፣ ነቀምቴ ላይ 0.3 ባር ሲሰጥ ጠቅላላ ግፊቱ 109 ኪሎፓስካል፣ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ 116 ይሆናል። ይህ አደጋ የለውም። አደጋው ያለው ለቆላ የተጻፈን ልክ ወደ ደጋ በማምጣት ነው፤ 0.6 ባር በባሕር ወለል አየሩን 1.6 እጥፍ መጭመቅ ሲሆን በነቀምቴ 1.76 እጥፍ ነው፣ ተርቦውም ያንን ለማድረስ በይበልጥ መፍጠን አለበት።

ስለ ቤንዚን መኪና የሚባለው አጭር ነው፦ ያለጊዜው የሚፈነዳ ነዳጅ ፒስተን ስለሚሰብር፣ የርጭትና የእሳት ጊዜን አብሮ ሳያስተካክሉ ተርቦ መግጠም አይመከርም። በዚያው በወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚያመርተው ኤታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ቀርቧል። ኤታኖል ይህን ፍንዳታ መቋቋሙ ለተርቦ የሚስማማ ቢሆንም አሮጌ የጎማ ቱቦዎችን ይጎዳልና፣ የነዳጅ መስመሩ መቀየር ይኖርበታል።

የናፍጣው ንጽሕናም የልኬቱን ያህል ይከብዳል። ከማደያ በራቁ ከተሞች ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ሲገለበጥ ውኃና አፈር ይገባበታል። ውኃ የፖምፓውን ጠባብ ክፍተቶች ያበላሻል፤ የተበላሸ ኖዝልም ነዳጁን ከመበተን ይልቅ በአንድ ቦታ ያፈስሰዋል፣ ተርቦ ባለው ሞተር ደግሞ ያ ቦታ ፒስተኑን ይበሳል። ስለዚህ ውኃ የሚለይ ማጣሪያ ከተርቦው በፊት ይገጠማል፤ ኖዝሎቹም ይፈተሻሉ። የተርቦው ዘንግ የሚንሳፈፈው በሞተር ዘይት ላይ በመሆኑ፣ የዴዴሳን አቀበት ጨርሶ ነቀምቴ የደረሰ መኪና ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ይቃጠላል። ሁለት ደቂቃ ያህል በዝግታ እየሠራ እንዲቆይ ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም።