የማይንጠባጠበው ቀዳዳ፦ አየር በጀልባ የናፍጣ መስመር ውስጥ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትጓዝ አንዲት ትንሽ የናፍጣ ሞተር ጀልባ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ከወደቡ ስትነሣ ሞተሯ ደኅና ነበር። ጥቂት እንደ ተጓዘች ግን የሞተሩ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ያንገራግርና ጸጥ ይላል። ነጂው ታንኩን ይመለከታል፤ ናፍጣ አለ። ቱቦዎቹን በእጁ ይዳስሳል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም። «የሚያንጠባጥብ ነገር ስለሌለ መስመሩ ደኅና ነው» ብሎ አየሩን ያስወጣል። ሞተሩ ይነሣል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን እንደገና ይጠፋል። በዚህ መካከል የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋን ከነተሳፋሪዎቿ ወደ ጎን ይገፋታል።

ነጂው ትጋት አላነሰውም፤ የተሳሳተው የግፊትን ሕግ ባለማስተዋሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ መካኒኮች «አየር ስቧል» የሚሉትን ብልሽት ምክንያቱን፣ መፈለጊያውንና መፍትሔውን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ናፍጣ የሚሄድበት መንገድ

በአብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ናፍጣ ከታንኩ ተነሥቶ በመጀመሪያ ውኃና ቆሻሻ በሚለይ ፊልትሮ ያልፋል። ከዚያ ሞተሩ ላይ የተገጠመው ማቀበያ ፓምፕ ይስበዋል። ፓምፑ ናፍጣውን በሁለተኛው ፊልትሮ አሳልፎ ወደ መርጫ ፓምፕ ይገፋዋል፤ መርጫ ፓምፑም በብርቱ ግፊት ወደ ኖዝል ይልከዋል። እንግዲህ መስመሩ በሁለት ይከፈላል፤ ከታንኩ እስከ ማቀበያ ፓምፑ ያለው የመሳብ ወገን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው የመግፋት ወገን ነው። ይህን ክፍፍል አንባቢ በልቡ እንዲይዝ እንፈልጋለን፤ የጽሑፋችን ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነውና።

አንዲት አረፋ ሞተርን እንዴት ታቆማለች?

ኖዝሉ እንዲከፈት በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ12,000 እስከ 20,000 ኪሎፓስካል የሚደርስ ግፊት ያስፈልጋል። ለስሌታችን 15,000 እንውሰድ። ናፍጣ በዚህ ግፊት ሲጨመቅ ይዘቱ የሚቀንሰው በመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑ የሰጠው ግፊት ሳይባክን ኖዝሉ ዘንድ ይደርሳል።

አሁን በመርጫ ፓምፑና በኖዝሉ መካከል 100 ሚሊ ሜትር ኩብ የሆነች የአየር አረፋ በ100 ኪሎፓስካል ግፊት ገብታለች እንበል። ፓምፑም በአንድ ምት 30 ሚሊ ሜትር ኩብ ናፍጣ ይግፋ። አረፋዋ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ኩብ ትጠባለች። ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ በቦይል ሕግ መሠረት ግፊቱ 100 በ100 ተባዝቶ ለ70 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም 143 ኪሎፓስካል ያህል ይሆናል። ከሚፈለገው 15,000 ጋር ሲነጻጸር ይህ ከምንም አይቆጠርም። ኖዝሉ አይከፈትም፤ ፓምፑ ወደ ኋላ ሲመለስ አረፋዋም እንደ ሞላ ተመልሳ ትለጠጣለች። ፓምፑ ይሠራል፣ ናፍጣ ግን አይረጭም።

ቀዳዳው ለምን አያንጠባጥብም?

ይህን ለመረዳት በቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። የለስላሳ መምጠጫ ወስደን ከውኃው ከፍታ በላይ በሚሆነው ቦታ በመርፌ እንብሳው፤ ከዚያም እንምጠጥ። ውኃ በቀዳዳዋ አይወጣም፤ ይልቁንም አየር ገብቶ ከውኃው ጋር ወደ አፋችን ይመጣል። ያንኑ መምጠጫ በውኃ ሞልተን ከላይ እፍ ብንልበት ግን ቀዳዳዋ ወዲያውኑ ታንጠባጥባለች። ቀዳዳዋ አንድ ናት፤ የተለወጠው የግፊቱ አቅጣጫ ነው።

በጀልባዋም እንዲሁ ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው የናፍጣ ወለል ከማቀበያ ፓምፑ በ0.5 ሜትር ዝቅ ቢል፣ የናፍጣው እፍገት በሜትር ኩብ 840 ኪሎግራም ስለሚሆን፣ በፓምፑ መግቢያ ያለው ግፊት ከውጭው በ4.1 ኪሎፓስካል ያንሳል። ስለዚህ በመሳብ ወገን ላይ ያለች ስንጥቅ አየር ታስገባለች እንጂ ናፍጣ አታስወጣም። በመግፋት ወገን ያለች ስንጥቅ ግን ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ታወጣለችና በዓይን ትታያለች።

ፊልትሮ በቆሻሻ ሲሞላ ፓምፑ የበለጠ ስለሚስብ ከፊልትሮው ወዲህ ያለው ግፊት ይብሱን ይወርዳል። ትናንት ምንም ያላደረሰች ስንጥቅ ዛሬ አየር የምትስበው፣ ሞተሩም በዝግታ ሲሄድ ደኅና ሆኖ በሙሉ ኃይል ሲነዳ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የከባቢ አየሩ ግፊት 81 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ስንጥቋን የሚጎዳት የውስጥና የውጭ ግፊት ልዩነት በከፍታው ምክንያት አይጨምርም፤ ነገር ግን ናፍጣውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ጠቅላላ ኃይል በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነውና የተደፈነ ፊልትሮን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል።

ቀዳዳውን ፍለጋ

ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምራል። ናፍጣው አንሶ ጀልባዋ ስትናወጥ የመሳቢያው ጫፍ አየር ላይ አይወጣምን? የታንኩ አየር መተንፈሻ አልተደፈነምን? ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? ብልሽቱ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የተጣመመ ወይም በአሮጌው ላይ የተደረበ የጎማ ቀለበት ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ ጊዜ ያገለገለ የመዳብ ሮንዴላ፣ የላላ የቱቦ ማሰሪያና የተሰነጠቀ ጎማ ይመረመራሉ።

በዚህ ካልተገኘ መስመሩን እየከፈሉ መመርመር ነው። ናፍጣ የማይጎዳው ግልጽ ቱቦ በፓምፑ መግቢያ ላይ አስገብተን ሞተሩን እናስነሣ። አረፋ የማይቋረጥ ከሆነ አየሩ የሚገባው ከዚያ ወዲያ፣ በታንኩ በኩል ነው። ግልጹን ቱቦ ደረጃ በደረጃ ወደ ታንኩ ስናቀርበው፣ አረፋ በሚታይበትና በማይታይበት ቦታ መካከል ስንጥቋ ትገኛለች። ናፍጣ ራሱ የሟሟ አየር ስለሚይዝ፣ አልፎ አልፎ የምትታይ ደቃቅ አረፋ ግን ልታስደነግጠን አይገባም።

ሁለተኛው ዘዴ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ትንሽ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጎ አስሮ በአዲስ ቱቦ በቀጥታ ከማቀበያ ፓምፑ ጋር ማገናኘት ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ ከሠራ ጥፋቱ በአሮጌው የመሳብ መስመር ላይ መሆኑ ይረጋገጣል።

አየሩን ማስወጣት

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ አየሩ ከታንኩ ወደ ኖዝሉ በቅደም ተከተል ይወጣል። በሁለተኛው ፊልትሮ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን እናላላለን፤ የማቀበያ ፓምፑን የእጅ ማንሻ እየነቀነቅን አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ጠብቀን እናጠብቀዋለን። ማንሻው ቢላላብን ሞተሩን በእጅ ጥቂት ማዞር ይበቃል። ቀጥሎ በመርጫ ፓምፑ ላይ እንዲሁ እናደርጋለን። በመጨረሻ በኖዝሉ በኩል ያለውን የቱቦ ዳዶ በግማሽ ዙር አላልተን ሞተሩን በማስነሻው እናዞራለን፤ ናፍጣ ሲወጣ እናጠብቀዋለን። ከኖዝል የሚረጭ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ እጅን ማቅረብ ክልክል ነው። የፈሰሰውም በዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ወደብ ይመለስ እንጂ ወደ ሐይቁ አይደፋ።

ለማጠቃለል፣ አየር ማስወጣት ሞተሩን ለጊዜው ያስነሣዋል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍነውም። በጀልባዋ ላይ የነበረው ነጂ የፈለገው ጠብታ ነበር፤ ሊፈልገው የሚገባው ግን ግፊቱ ከውጭው ያነሰበትን ቦታ ነው። ይህን ፍለጋ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ጀልባዋ በወደብ ታስራ ሳለች ማድረግ ይገባል።