የበቆሎ አረም፤ ጉዝጓዝና መድኃኒት

በቆሎ ከበቀለ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። ቡቃያው ገና ልጅ ነው፤ ቅጠሉ መሬቱን አያለብስም። አረም ግን አይጠብቅም፤ ውሃውን፣ ማዳበሪያውንና ብርሃኑን ይሻማል። ዘግይተን ብናርመው በቆሎው የቀረበትን አያገኝም። ችግሩ ይኸ ብቻም አይደለም። በቆሎው «እረሙኝ» የሚልበት ሰኔና ሐምሌ የጤፍ መሬት የሚታረስበትና የሚዘራበት ወቅት ነው። ያኔ ወንፈል እንኳ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ኩትኳቶው ይዘገያል፤ ሸክሙም በሴቶችና በልጆች ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዳንዱ «መድኃኒት ረጭቶ መገላገል ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «መድኃኒት መርዝ ነው፤ መሬቱን በጉዝጓዝ መሸፈን ይበቃል» ይላል። ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። አረሞቹን ራሳቸውን እንመልከት።

እንደ መጭ ያለው አረም በየዓመቱ ከዘር ይበቅላል። ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ስንቁም ትንሽ ነው፤ ወፍራም ጉዝጓዝ ከተጫነበት ብርሃን ሳያገኝ ይቀራል። ሰርዶ ግን ከመሬት በታች ስንቅ አለው፤ ጉዝጓዙን ሰንጥቆ ይወጣል። በማረሻ ስንቆርጠው ደግሞ ቁራጩ ሁሉ ያቆጠቁጣል። እንዲያውም ሰርዶን ማረስ ማራባት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። እንግዲህ ጉዝጓዝ ዘሩን ያፍናል፤ መድኃኒት ሥሩን ያደርቃል።

ጉዝጓዙ ከየት ይመጣል? ላብላብ የሚባል ሐረጋም ተክል አለ። በቆሎው ጉልበት ሲያልፍ፣ ከሽልሻሎ በኋላ፣ በመስመሮቹ መካከል ይዘራል። ቀድሞ ከተዘራ በበቆሎው ላይ ተጠምጥሞ ያስቸግራል። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላም በቀረው እርጥበት ያድጋል፤ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይሰጣል። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚበሰብስ ከበቆሎ አገዳ ጋር ቢሆን ይሻላል፤ አገዳው ይቆያል።

ትልቁ ጣጣ ከብት ነው። አዝመራ ከተነሣ በኋላ ማሳ የሁሉም ግጦሽ ይሆናል፤ ጉዝጓዝ ይሆናል ያልነው በሳምንት ውስጥ ያልቃል። አገዳው ለከብት መኖም፣ ለማገዶም ይፈለጋል። «ማሳህን ሸፍን» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ከጎረቤት ጋር ሳይስማሙ ግን አይሆንም። እኛ የሚሻለው ቤት አጠገብ ባለች፣ በታጠረች ጥማድ መሬት መጀመር ነው እንላለን። ከላብላቡ ከፊሉን ለከብት ማጨድ፣ ከፊሉን መተው ይቻላል። በወለጋ ምስጥ በበዛበት ቦታ ደግሞ ጉዝጓዙን ምስጥ እንዳይጨርሰው ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ሳያርሱ ግላይፎሴት ረጭቶ በቆሎ መዝራትን ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን ገበሬዎች ማሳ ላይ አሳይቷል። ግላይፎሴት አረንጓዴ ያገኘውን ሁሉ ስለሚገድል የሚረጨው ከዘር በፊት ነው። በቅጠል ገብቶ ወደ ሥር ስለሚወርድ አረሙ አንድ ስንዝር ያህል አድጎ ለምልሞ መገኘት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ እንረጫለን፤ አረሙ ሲጠወልግ ላብላቡን በማጭድ ቆርጠን እናነጥፋለን፤ ከዚያ ጉዝጓዙን በሹል እንጨት እየቀዳን ዘሩን እንጥላለን። ላብላቡን አስቀድመን ብናነጥፈው አረሙ ከሥሩ ይደበቃል።

እኛም አንድ ዓመት ከወንዝ ድፍርስ ውሃ ቀድተን ረጭተን ሰርዶው ምንም ሳይሆን ቀረ። ሻጩን ስንራገም ከረምን! ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ግላይፎሴት ጭቃ ላይ ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል። ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። ወዲያው ዝናብ ከመጣም ይታጠባል።

ከጉዝጓዝ ጋር የማይስማማ መድኃኒትም አለ። እንደ አትራዚን ያለው አፈር ላይ ደርሶ ነው የሚሠራው፤ ወፍራም ጉዝጓዝ ብዙውን ይዞ ያስቀረዋል። አፈር ውስጥ የቀረው ደግሞ ላብላቡን ይጎዳል።

መጠኑን በግምት አናድርገው፤ ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው። ለምሳሌ ጽሑፉ «ለአንድ ሄክታር 3 ሊትር በ200 ሊትር ውሃ» ቢል፣ ለሩብ ሄክታር 750 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር ውሃ ይሆናል። 16 ሊትር በሚይዝ መርጫ ሦስት ሙሉና 2 ሊትር ነው። በእያንዳንዱ ሙሉ 240፣ በመጨረሻው 2 ሊትር 30 ሚሊ ሊትር እንጨምራለን።

በመለያው ግርጌ ያለውን የቀለም መስመርም እንይ። ቀዩ እጅግ አደገኛ ነው፤ አረንጓዴው አነስተኛ ነው እንጂ ምንም አይጎዳም ማለት አይደለም። ግላይፎሴትን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ካንሰር ሊያመጣ ከሚችሉት ተርታ አስገብቶታል፤ ሌሎች መንግሥታዊ ተቋማት በዚህ አልተስማሙም። ክርክሩ ይቆየን፤ ጓንትና ቦት ጫማ እናድርግ፣ ነፋስን ወደ ጀርባችን እናድርግ፣ ልጆችን እናርቅ። ባዶው ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ አይሆንም፤ በስቶ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዝጓዙን ጥሶ የሚወጣውን አረም በእጅ እንነቅላለን። ቱ ፎር ዲ ለመርጨት አንቸኩል፤ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ስለሚገድል በመስመሮቹ መካከል የበቀለውን ላብላብ አብሮ ይፈጀዋል፤ የሚመጣው ዓመት ጉዝጓዝም ያኔውኑ ይቀራል።