ቅርጹ ይቆይ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ በር አጠገብ የሚሰቀል፣ አበባ የተቀረጸበት የልብስ መስቀያ በእጄ ልሠራ አስቤያለሁ። አበባውን ከየት ልጀምር?

ሽማግሌው፦ ከአበባው አይጀመርም። እንጨትህ ምንድን ነው?

ወጣቱ፦ ኤምዲኤፍ ርካሽ ነው ብለውኛል።

ሽማግሌው፦ እሱ የተፈጨ እንጨትና ሙጫ ነው። መሮ ሲነካው ጠርዙ ይፈረፈራል፤ እርጥብ ጃንጥላ ከተሰቀለበት ደግሞ ያብጣል። ዋንዛ ፈልግ። እዚህ አዳማ ወዴሳ ብለህ ብትጠይቅም ያሳዩሃል። ለመሮ እሺ ይላል፣ ቀለሙም ቬርኒሽ ሲቀባ ያምራል።

ወጣቱ፦ ዋንዛ ክልክል አይደለም እንዴ?

ሽማግሌው፦ ይኸውልህ! አገሩን ያበላሸው ይህ ወሬ ነው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና የአበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከለከለ። ከደን! ጓሮህ ውስጥ ተክለህ ያሳደግኸውን አላለም። ሰዉ ግን ግማሹን ሰምቶ ሄደ። አባቴ የተከለውን ዋንዛ ነፋስ ጣለው፤ አሰንጥቄ ጣውላውን ወደ አዳማ ሳመጣ አንድ ኬላ ላይ አወረዱብኝ። የማጓጓዣ ወረቀት አልያዝክም ቢሉኝ እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እል ነበር። እነሱ ግን «ዋንዛ ነው፣ ክልክል ነው» አሉ፤ በቃ። ጣውላዬ ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ ተጣሞ ተመለሰልኝ። «የማልሸጠውን ለምን እተክላለሁ?» ብሎ የበቀለለትን ዋንዛ ነቅሎ ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬም አውቃለሁ። እስቲ ከመቂ ወደ ባቱ፣ ከባቱ ወደ ላንጋኖ ስትሄድ መንገዱን ተመልከት፤ ግራሩ ከሰል ሆኖ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮ ይሸጣል። እሱን ሁሉም እያየ ያልፈዋል! የደን አዋጁ በ1999 ተተካ፣ በ2010ም እንደገና ተተካ፤ ወሬው ግን የሚተካው አላገኘም።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ዋንዛውን አገኘሁ እንበል።

ሽማግሌው፦ ደርቋል? የእኛ ሙቀትና ነፋስ ጫፉን ቶሎ ያደርቀዋል፤ መሃሉ ይዘገያል፤ እንጨቱ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን ጫፍ የዘይት ቀለም ቀባ። በየጣውላው መሃል ቀጫጭን እንጨት አስገብተህ አየር እንዲያልፍ አድርግና ጥላ ሥር ደርድር። 2.5 ሳንቲሜትር ለሚወፍር ጣውላ አንድ ዓመት ግድም ይበቃዋል።

ወጣቱ፦ ለመሆኑ አዳማ ላይ ካፖርት የሚለብስ ማን አለ?

ሽማግሌው፦ ለካፖርት ነው ያለህ ማን ነው? ጋቢው፣ ነጠላው፣ የልጆቹ ቦርሳ የት ሊንጠለጠል ነው? የድሮ ሰው ግድግዳው ላይ ኩላብ ነበረው፤ ጋሻውንም ልብሱንም ይሰቅልበት ነበር። የዛሬ መስቀያ የሚወድቀው ኩላቡ በሚስማር ስለሚመታ ነው። ጣውላውን በትራፓኖ ብሳው፤ የኩላቡ አፍንጫ ወደ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ቀና እንዲል ቀዳዳውን አዘንብለው። ኩላቡን ከወይራ ጥረብና በኮላ አስገባው። ደግሞ ከጣውላው ይበልጥ የደረቀ ይሁን፤ ኋላ እርጥበት ሲስብ አብጦ ቀዳዳው ውስጥ ይጠብቃል። በኩላብና በኩላብ መሃል 18 ሳንቲሜትር ያህል ተው፤ ያለዚያ ጋቢ በጋቢ ላይ ይደራረባል። ግድግዳህስ?

ወጣቱ፦ ብሎኬት ነው።

ሽማግሌው፦ የብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ተራ ፊሸር እዚያ ውስጥ ምንም አይዝም። እያንኳኳህ ድፍኑን ቦታ ፈልግ። ጭቃ ቤት ቢሆን ኖሮ ቋሚውን እንጨት ፈልገህ ቪቴውን እሱ ላይ ታስር ነበር።

ወጣቱ፦ አበባውስ ጋሼ?

ሽማግሌው፦ ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ፣ ኩላቦቹ ከመግባታቸው በፊት። ከ5 ሚሊሜትር በላይ አትቆፍር፤ መሮህንም የእንጨቱን ጅማት ተከትለህ ግፋ። አሁን ግን ሂድና የጣውላውን ጫፍ ቀለም ቀባ፤ ለአበባው ገና አንድ ዓመት አለህ።