በመቂ ጓሮ የውሃ አትክልት አዘገጃጀትና አጠባበቅ

መቂ ውሃ የራቃት ከተማ አይደለችም። ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝ በአጠገቧ አልፎ ወደ ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባል። ይሁን እንጂ በጋው ሲጠና ጓሮው ሁሉ አቧራ ይሆናል። ስለዚህ ከመካከላችን አንዳንዶች በክረምት ዕረፍት ለቤተ ሰባቸው አበባና ዓሣ ያለበት ትንሽ ኩሬ ለመሥራት ቢያስቡ የሚያስመሰግን ነው። ኩሬ መቆፈር የሳምንት ሥራ ሲሆን መጠበቅ ግን የዓመት ሥራ መሆኑን አስቀድመን እንወቅ።

አንደኛ፤ የውሃው ሒሳብ። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 3,600 ሊትር ይይዛል። 40 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት እስከ 400 ሊትር ይሰጣል፤ እንግዲህ ዘጠኝ ያህል እንዲህ ያለ ዝናብ ኩሬውን ይሞላዋል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢወስዱበት ግን በየቀኑ 30 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ተኩል፣ ይጎድላል። ይህን የሚቀዳ ሰው ከሌለ ኩሬውን ማሳነስ ይገባል። አፈሩ አሸዋማ ከሆነም ውሃው እንዳይሰርግ ወለሉን ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ማልበስ፣ ወይም የሸክላ አፈር እያረጠቡ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ተክሉ። የዕፀዋት ሊቃውንት ኒምፊያ የሚሉት የውሃ አበባ ሥሩን በጭቃ ተክሎ ቅጠሉን በውሃው ላይ ያነጥፋል፤ ጥላውም ውሃውን ከፀሐይ ይከላከላል። ለዳሩ ደንገልና ፊላ ይስማማሉ። ከሐይቅ የመጣ ተክል ሁሉ አስቀድሞ በደንብ ይታጠብ፤ የብልሃርዚያን ተውሳክ የሚያሳድግ ቀንድ አውጣ ከቅጠል ጋር ሊመጣ ይችላልና። አበባው ያማረ ቢሆንም እንቦጭን ወደ ጓሮ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በጌጥነቱ ዓለምን ያዳረሰው ይህ አረም በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ታወቀ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣና ሐይቅ ታይቶ ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን አስጨንቋል። ከጓሮ የተረፈ ቁራጭ በጎርፍ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ ሐይቅ ይደርሳል።

ሦስተኛ፤ ትንኙ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በትግራይ በትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ ነበር። የወባ ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ የዳሩን ሣር ማጨድ፣ እጩንና የበሰበሰውን ቅጠል በወንፊት መግፈፍ ግዴታ ነው። ትናንሽ የቆሮሶ ዓሦችም እጩን እየበሉ ያግዛሉ፤ ነገር ግን የሰውን ሥራ አይተኩም። ለጽዳት የሚቀዳው ውሃ አይደፋ፤ ለሽንኩርትና ለቲማቲም መደብ ጥሩ ነው። ሕፃናት እንዳይገቡበትም ዙሪያው ይታጠር፤ 60 ሳንቲ ሜትር ለትንሽ ልጅ ጥልቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ኩሬው የሚሞላው በክረምት፣ እኛ በቤት ሳለን ነው። ወባ የሚበረታው ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እኛ ወደ ትምህርታችን ከተመለስን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወንፊቱን የሚይዙት እናቶቻችንና ታናናሾቻችን ናቸው። በሽታውም ቢመጣ የሚያገኘው እነርሱን ነው። ስለዚህ ዶማ ከማንሣታችን በፊት ከቤተ ሰባችን ጋር ተቀምጠን የሳምንቱን ሥራ ማን እንደሚይዝ እንስማማ። የሚይዝ ከተገኘ እንቆፍር፤ ካልተገኘ በዚያው ስፍራ ጥላ የሚሆን ዛፍ ተክለን እንመለስ።