ትኩሳት ይዞ ስለ መሮጥ

በክረምት ጎሕ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ ዳገት ረዥም ልምምድ የሚሮጡ ወጣቶች፥ ጉንፋን ሲይዛቸው «በላብ ይወጣል» እያሉ እንደማያቋርጡ እንሰማለን። ላብ ግን ሰውነትን ያቀዘቅዛል እንጂ በሽታን አያወጣም።

ከአፍንጫ ያላለፈ ጉንፋን ቀላል የእግር ጉዞን አይከለክልም። ትኩሳት፥ የደረት ሳል ወይም ቁርጥማት ያለበት ግን ፈጽሞ አይሩጥ። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የልብ ትርታ በደቂቃ 10 ያህል ይጨምራልና፥ ሯጩ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ልቡ መድከም ጀምሯል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ጉንፋንን የሚመስል ሕመም የሚያመጣ ቫይረስ አንዳንድ ጊዜ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል። በዚያን ጊዜ ብርቱ ሩጫ የልብን አመታት አዛብቶ በድንገት ሊገድል ይችላል፤ ወጣትነትም ከዚህ አያድንም። የትኩሳት ማብረጃ ኪኒን ውጦ መሮጥ ምልክቱን መሸፈን ብቻ ነው።

ተማሪዎች አበበ ቢቂላን ይጠቅሱልናል፤ በ1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቶኪዮን ማራቶን አሸንፏልና። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሮጠው አገግሞ እንጂ ትኩሳት ይዞ አልነበረም።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከለቀቀው በኋላ ጥቂት ቀን ይረፍ፤ ከዚያም በእርምጃ፥ ቀጥሎ በአጭር ሩጫ ይጀምር። ደረቱን ከወጋው፥ ልቡ ያለ ልክ ከመታ ወይም ራሱን ከሳተ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።